ትንሿ ልጃችን ከሚበልጧት ልጆች ጋር ኳስ ብትጫወትስ?

ከዐስር ሶላት በኋላ በየሰፈሩ ሜዳ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አትጠፋም፤ ታላቅ ወንድሟን ተከትላ የመጣች፣ በቁመት ከሁሉም የምታንስ፣ ከኳሱ ግን የማትለይ። እናት «ይሰብሯታል» ትላለች። አባት «ተያት፣ ትጠንክር» ይላል። በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ይህን ክርክር በተለያየ መልኩ ሰምተናል። ሁለቱም ወላጆች እውነት አላቸው። መልሱን የምናገኘው ግን ዕድሜዋን በመቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ የልጅቷን ሰውነትና የጨዋታውን ዓይነት አብረን ስናይ ነው።

ሴት ልጅ የጉርምስና ለውጥ የሚጀምራት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመቷ ባለው ጊዜ ነው፤ ወንድ ልጅን ደግሞ ከ9 እስከ 14። ቁመት በጣም የሚፈጥንበት ወቅት ለሴት በአማካይ 12፣ ለወንድ 14 ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተወለዱ ልጆች እንኳ በአካል ብዙ ሊራራቁ ይችላሉ። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ክለቦች አካዳሚዎች ልጆችን በልደት ቀን ብቻ ሳይሆን በአካል ብስለት መድቦ ማጫወት የተሞከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሚበልጧት ጋር መጫወት ጥቅም አለው። በጉልበት ስለማትችላቸው ማሰብን ትማራለች፤ ኳሱን ቶሎ ታቀብላለች፣ ክፍት ቦታ ትፈልጋለች። ብራዚላዊቷ ማርታ በልጅነቷ ያደገችው ከወንዶች ጋር መንገድ ላይ እየተጫወተች ነው፤ በኋላም የፊፋን የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋች ሽልማት 6 ጊዜ ወስዳለች።

ጉዳቱ ያለው ግጭት ላይ ነው። ሁለት ልጆች ሲጋጩ ከባዱ ቀላሉን ይጥላል። በልጅ አጥንት ጫፍ አካባቢ ገና በማደግ ላይ ያለ ለስላሳ ክፍል አለ፤ በአዋቂ ላይ ወለምታ ብቻ የሚያስከትል አወዳደቅ ልጅን እዚያ ላይ ሊሰብራት ይችላል። ጭንቅላቷን ተመትታ ካዞራት፣ ካስመለሳት፣ ራሷን ካመማት ወይም ግራ ከተጋባች ደግሞ፣ ባትስትም እንኳ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመለስ፤ ሐኪም ይያት። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 እ.ኤ.አ. 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በቴስታ እንዳይጫወቱ የወሰነው ለጭንቅላታቸው በመስጋት ነው።

ዝግጁነትን መመዘን ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በኡሑድ ጊዜ በ14 ዓመቱ ተመልሷል፤ በኸንደቅ ጊዜ በ15 ዓመቱ ተፈቅዶለታል። ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ (ረ.ዐ) ግን ከእርሱ በፊት የተፈቀደለትን ራፊዕን (ረ.ዐ) በትግል ጥሎ ብቃቱን በማሳየቱ እንደተፈቀደለት በሲራ ይተረካል። ያ ጉዳይ ጦርነት እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅን ጉጉት ብቻ አይተው እንዳልፈቀዱ፣ ያሳየውን ብቃትም ችላ እንዳላሉ እንማርበታለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ሜዳው ድረስ ሄደን እንይ። ኃላፊነት ያለበት አዋቂ አለ? መግፋትና ሸርተቴ ተከልክሏል? ኳሱስ ለእሷ የሚሆን ነው? ለ9 ዓመት ልጅ የሚመጥናት ቁጥር 4 ነው፤ ቁጥር 5 የአዋቂ ኳስ ነው። አሰልጣኝ ካላት ልምምዱን ከትልልቆቹ ጋር፣ ግጥሚያውን ከእኩዮቿ ጋር እንድታደርግ መጠየቅ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። መረብ ኳስም ቡድኖቹን መረብ ስለሚለያቸው ግጭቱ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ልጅቷን እንስማት። ኳስ ይደርሳታል ወይስ ዳር ቆማ ትውላለች? በልምምድ ቀን «ሆዴን አመመኝ» ማለት ካበዛች ፈርታ ይሆናል። ቁጣ አያስፈልጋትም፤ ረጋ ብለን እንጠይቃት።

ሒጃብ ካደረገች መርፌ ቁልፍ የሌለው፣ ከራሷ ጋር የሚጣበቅ የስፖርት ሒጃብ ይሁን። ፊፋ በ2014፣ ፊባ በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቅደውታል። ሞሮኳዊቷ ኑሃይላ ቤንዚና በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ በሒጃብ ተጫውታለች።

ለአካለ መጠን ስትቃረብ ደግሞ ከወንዶች ጋር የመጫወቱ ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው፣ ልጅቷ አንድ ቀን ድንገት «ከእንግዲህ በቃሽ» መባሏ ነው። እሷም ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስላታል። አስቀድመን እንንገራት፤ የሴቶች ቡድን አብረናት እንፈልግ፤ ከሌለ ከጎረቤት እናቶች ጋር ተመካክረን እንጀምር። ልጅ አማና ናት፤ አማናን መጠበቅ ደግሞ ሰውነቷንም ደስታዋንም መጠበቅ ነው። ወላሁ አዕለም።