ሞተር ቆሞ መብራት ሲቀር፤ ለአሮጌ የጭነት መኪና የማስጠንቀቂያ ደወል ስለ መግጠም

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ተክለ ሃይማኖትና ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ በማለዳ የሚመላለስ ሰው፣ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው የደረሱ የጭነት መኪናዎች ዳር ዳሩን ቆመው ያያል። አብዛኞቹ ወደ ከተማ የሚገቡት ገና ሳይነጋ ስለሆነ የፊት መብራታቸው በርቶ ነው። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ቁርስ ሊበላ ወይም ጥቂት ሊያሸልብ ሲወርድ ግን ጎሕ ቀዷል፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ደግሞ መብራት መብራቱን ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ዕቃው የሚራገፍበት ሰዓት ሲደርስ ሞተሪኖው አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ ረዳቱም የሚገፉ ሰዎች ፍለጋ ይሮጣል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ መዘንጋት ቆጥሮ ይስቅበታል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። የጭነት መኪና እንደ ትንሽ አውቶሞቢል በሦስት ሰው ተገፍቶ አይነሣም፤ የተጫነ ከሆነ ቁልቁለት ይፈልጋል። በአየር ፍሬን የሚሠራ አሮጌ ካሚዮን ሞተሩ ካልተነሣ ኮምፕሬሰሩ አየር አይሞላለትም፤ አየሩ ቀስ በቀስ ፈስሶ ካለቀበት፣ ወደ ታች ሲንደረደር የሚይዘው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራውም ቢሆን ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ አጋዥ ኃይል ስለሌለው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ጉሊት የዘረጉ ሴቶችና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። ስለዚህ ለጥቂት ብር የሚገጠም አንድ ትንሽ ደወል፣ በጋራዥ ቋንቋ ባዘር የሚባለው፣ ባትሪን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሊያድን ይችላል።

በመጀመሪያ ባትሪው በስንት ሰዓት እንደሚደክም በቁጥር እንይ። አብዛኞቹ ከባድ መኪናዎች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። የተለመደው የ24 ቮልት የፊት አምፖል በዝቅተኛው ብርሃን 70 ዋት ይወስዳል፤ ሁለቱ 140 ዋት ማለት ነው። የኋላና የጎን ትንንሽ መብራቶች ለምሳሌ 6 ሆነው እያንዳንዳቸው 5 ዋት ቢወስዱ፣ ድምሩ 170 ዋት ይደርሳል። ይህ ለ24 ሲካፈል 7 አምፔር ያህል ነው። ባትሪው 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አዲስ ከሆነ 14 ሰዓት ያህል ያበራል። ነገር ግን ሞተሪኖው ለማስነሣት በመቶ የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ባትሪው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ግማሹ ሲሄድ መንገታገት ይጀምራል። በየጋራዡ የምናየው ባትሪ ደግሞ ዕድሜው የገፋና ከመጀመሪያ አቅሙ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ነው። ይህ ባትሪ 25 አምፔር ሰዓት ሲወጣለት በቃው፤ እርሱም ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ ጧት በ12 ሰዓት መብራቱን ረስቶ የወረደ ሾፌር በ3 ሰዓት ተኩል ሲመለስ መኪናው አይነሣለትም ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጊዜው ከዚህም ያጥራል፤ ብርድ የባትሪውን ኃይል ይቀንሳል፣ የናፍጣ ሞተርም ሲበርደው ለመነሣት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋልና። ብዙ ጊዜ እየተሟጠጠ የሚሞላ ባትሪም በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና ጨርሶ ይሞታል።

አሁን ወደ ደወሉ እንምጣ። በጣም ቀላሉ አሠራር የሚያርፈው በፊዚክስ ክፍል በመጀመሪያው ዓመት በተማርነው ሕግ ላይ ነው፤ ይኸውም በሁለት ጫፎች መካከል የቮልት ልዩነት ከሌለ ኤሌክትሪክ አይሄድም። የባዘሩን አንድ ጫፍ ከመብራቱ ሽቦ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተር ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ጋር እናገናኛለን። ቁልፉ ተከፍቶ መብራቱ ሲበራ ሁለቱም ጫፎች 24 ቮልት ላይ ስለሆኑ ባዘሩ ዝም ይላል። ቁልፉ ሲዘጋ ግን በዚያ በኩል ያለው ሽቦ በየጌጁና በየመሣሪያው አልፎ ወደ ማሳ፣ ማለት ወደ መኪናው ብረት ይወርዳል፤ ልዩነቱ ይፈጠርና ባዘሩ ይጮኻል። ያለ አንዳች ተጨማሪ መሣሪያ የመኪናው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ የሚያደርግ ስለሆነ እኔ ይህን አሠራር እጅግ እወደዋለሁ። ለአውቶሞቢልም ይበቃል።

ለአሮጌ የናፍጣ ካሚዮን ግን አይበቃም፤ የብዙ ሰው ደወል ሳይሠራ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት ስለሚሠራ ቁልፉ ሲዘጋ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ጨምቆ በማጋል ናፍጣውን የሚያነድ ስለሆነ፣ ከተነሣ በኋላ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። በአሮጌዎቹ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን የሚያጠፋው ጋቢና ውስጥ ያለውን የማጥፊያ ገመድ ስቦ ናፍጣውን በመዝጋት ነው። በአገራችን ጎዳና ረጅም ዘመን ያገለገለው፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 እንኳ በዚያው በናፍጣ ሞተሩ ከዚህ ወገን ነው። እንግዲህ ሾፌሩ ገመዱን ስቦ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ሳይዘጋ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉ "ተከፍቻለሁ" ስለሚል ባዘሩ ዝም ይላል፤ መብራቱም ይበራል። ደወሉን የጠየቅነው ስለ ሞተሩ ነበር፤ እርሱ ግን የመለሰልን ስለ ቁልፉ ነው።

ታዲያ ሞተሩ መቆሙን በእውነት የሚያውቅ ማነው? የሞተሩ ዘይት ነው። የዘይት ግፊት መብራት ባላቸው መኪናዎች ሁሉ፣ በሞተሩ ጎን የተገጠመ ትንሽ የዘይት ስዊች አለ። ሞተሩ ሲቆም ግፊቱ ይወድቅና ስዊቹ ሽቦውን ከማሳ ጋር ያገናኘዋል፤ ሞተሩ ሲዞር ግፊቱ ይለያየዋል። የባዘሩን ፖዘቲቭ ከመብራቱ ሽቦ፣ ኔጌቲቩን ከዘይት ስዊቹ ሽቦ ብናገናኝ፣ ቁልፉ ይከፈት ይዘጋ፣ መብራት በርቶ ሞተር ከቆመ ይጮኻል። የዘይቱ ግፊት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ስለሚወርድ፣ ጩኸቱ የሚሰማው ሾፌሩ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ ነው።

በዚህ መስመር መካከል አንድ ዳዮድ መግባት አለበት። ያለዚያ መብራቱ ጠፍቶ ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት፣ ከዘይት መብራቱ የሚመጣው ኃይል በባዘሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ በመብራቶቹ አምፖል ወደ ማሳ ይወርዳል። 1ኤን 4007 የሚባለው ርካሽ ዳዮድ ይበቃል፤ ነጭ ቀለበት ያለበት ጫፉ ወደ ዘይት ስዊቹ ይዙር። የዘይት መብራት የሌለው፣ በቱቦ የሚሠራ ጌጅ ብቻ ያለው መኪና ሲያጋጥም የዲናሞውን የቻርጅ መብራት ሽቦ በምትኩ መጠቀም ይቻላል፤ እርሱም ሞተሩ ሲቆም ወደ ማሳ ይጠጋል፣ ሲዞር ከባትሪው እኩል ይሆናል።

ፖዘቲቩ ከየትኛው መብራት ይወሰድ የሚለው ሲያከራክር ሰምቻለሁ። እኔ ከፊት መብራቱ ይሁን ባይ ነኝ። ሾፌር በሌሊት መንገድ ዳር ሲበላሽበት ትንንሾቹን መብራቶች ዐውቆ አብርቶ ሞተሩን ያጠፋል፤ ያን ጊዜ ሁሉ የሚጮኽ ደወል ሳምንት ሳይሞላው በፒንሳ ተቆርጦ ይጣላል። ትንንሾቹ ደግሞ 30 ዋት ያህል ብቻ ስለሆኑ ደኅና ባትሪ አንድ ሌሊት ይችላቸዋል። ነገር ግን አንዳንድ የጃፓን መኪናዎች ለፊት አምፖሉ ፖዘቲቩን ዘወትር ሰጥተው ማብሪያውን በኔጌቲቩ በኩል ያደርጉታል። ስለዚህ ማንኛውንም ሽቦ ከመቁረጥ በፊት መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ በቴስተር መለካት ግድ ነው። መብራቱ ጠፍቶም በአምፖሉ ላይ 24 ቮልት ከተገኘ ነገሩ ይህ ነውና፣ ያን ጊዜ ሳንወድ በግድ ከትንንሾቹ መብራቶች ሽቦ እንወስዳለን።

ዕቃው ከልደታ ብዙ ሳይርቁ ከሱማሌ ተራ ይገኛል፤ ባዘር፣ ዳዮድ፣ የ1 ወይም የ2 አምፔር ቫልቮላ፣ ጥቂት ሽቦና ናስትሮ ነው። (ቫልቮላ፣ ናስትሮ፣ ሞተሪኖ፣ ማሳ፣ ጋቢና፤ የጣልያን ካሚዮን ከጥቅም ውጭ ሲሆን እንኳ ቃሉ ጋራዡ ውስጥ ቀርቷል።) ቫልቮላው ሽቦው ከመብራቱ በሚነሣበት ቦታ አጠገብ ይግባ፤ ሽቦው ተላጦ ብረት ቢነካ እንዲቃጠል የምንፈልገው እርሱ ነውና። ባዘሩ ለ24 ቮልት የተሠራ መሆን አለበት። የ12 ቮልቱን ገዝቶ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ኃይል መውሰድ፣ ለሬዲዮ እንደሚደረገው ሁሉ፣ መጥፎ ልማድ ነው። አንደኛው ባትሪ እየጎደለ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይጠፋሉ።

የተገጠመው ደወል ዝም ካለ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መብራቱን አብርቶ ከዳዮዱ በፊት ያለውን የባዘሩን ኔጌቲቭ በቁራጭ ሽቦ ማሳ ማስነካት ነው። ከጮኸ ጉድለቱ በዘይት ስዊቹ ወገን ነው፤ ወይ ዳዮዱ ተገልብጧል፣ ወይ የስዊቹ ጫፍ ዝጓል። ካልጮኸ ቫልቮላውንና የመብራቱን መጋጠሚያ መመልከት ነው። ድምፁ የሚደክም ከሆነ የማሳው ብረት ዝገት ወይም ቅባት ይዞ ይሆናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ።

በተቃራኒው ሞተሩ እየሠራ በሌሊት ጉዞ ላይ ባዘሩ ቢጮኽ፣ ብዙ ረዳት መጀመሪያ የሚያስበው ሽቦውን መንቀል ነው። የዘይት ስዊቹ ሽቦ ተልጦ ሻንሲውን ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ሞተርም ግሎ ቀስ ብሎ ሲዞር ግፊቱ ስለሚወርድ ደወሉ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይጮኻል። ነገር ግን ዘይቱ በእውነት አልቆም ሊሆን ይችላልና፣ ሽቦው ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ተመዝዞም ይታይ።