ሸክላ ለምን ይሰነጠቃል? ከከሰል ምድጃ እስከ አውሮፕላን ሞተር

ባለፈው የዕረፍት ወራት ወደ ናይሮቢ ሄደን በነበረበት ጊዜ ያረፍነው ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዘንድ ነበር። ጊጊሪ ከካሩራ ደን ጋር የሚዋሰን፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ሰፈር ነው። ቤቱ ኤሌክትሪክም ጋዝም አለው፤ ዳሩ ግን የቤቱ እመቤት በጋዝ የፈላ ቡና ቡና አይመስላቸውምና ጀበናቸውን የሚጥዱት ኬንያውያን «ጂኮ» በሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀበናው ገነፈለ። ቡናው በጋለው የምድጃው ከንፈር ላይ ፈሰሰ፤ «ጧ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ከከንፈሩ እስከ ወገቡ ድረስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወረደ።

እመቤቲቱ «ገና ሁለት ወር ሳይሞላው!» ብለው አዘኑ። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ግን «ጋሼ፣ ፍም ችሎ የኖረ ሸክላ በአንድ ስኒ ቡና እንዴት ይሰነጠቃል? ለምንስ ጠንካራ አድርገው አይሠሩትም?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የሞተር ፋብሪካዎች ብዙ ዓመት የደከሙበት ጥያቄ ግን ይኸው ነው። በዚያን ዕለት በጥድፊያ የሰጠነው መልስ ስላላረካን በዚህ ጽሑፍ አስፋፍተን ለማቅረብ እንሞክራለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ምድጃው ጥቂት እንበል። ጂኮ በስዋሂሊ ምድጃ ማለት ነው። የዱሮው የኬንያ ጂኮ ከቆርቆሮ ብቻ የሚሠራ ስለ ነበረ ሙቀቱን በየጎኑ ይበትነዋል። በነሐሴ 1981 ስለ አዳዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በናይሮቢ ተካሂዶ ነበር፤ በዚያው ዘመን ኬንያውያን የታይላንድን ባልዲ መሰል ምድጃ መነሻ በማድረግ በቆርቆሮው ውስጥ የተቃጠለ የሸክላ ገበቴ ያለበትን ምድጃ ሠሩ። ወገቡ ቀጠን፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ ነው። ይህ ምድጃ ከዱሮው ጋር ሲነጻጸር ከሰሉን ከ30 እስከ 50 በመቶ ድረስ እንደሚቆጥብ ይነገራል። በአገራችንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ላቀች» በሚል ስም የታወቀው የከሰል ምድጃ ከዚሁ ከኬንያው የተቀዳና ከእኛ ኑሮ ጋር የተስማማ ነው። የቁጠባው ምሥጢር ሸክላው ነው። ሸክላው ተሰባብሮ ከወደቀ የሚቀረው ያው የዱሮው ቆርቆሮ ነው፤ ከሰል በጣሳ እየገዛች ለምታድር እናት ልዩነቱ የቀን ወጪዋን የሚነካ ነው። ስለዚህ የሸክላው ዕድሜ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንመለስ። አንድ ነገር ሲሞቅ ይስፋፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የጋለው የምድጃ ከንፈር ቡና ሲፈስበት ላዩ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛልና ለመኮማተር ይፈልጋል። ከሥሩ ያለው ሸክላ ግን ገና እንደ ጋለ ስለ ሆነ አያስኮማትረውም። እንግዲህ ላዩ ሳይወድ ተስቦ ይያዛል፤ በላዩ ላይ የመሳብ ውጥረት ይፈጠራል ማለት ነው። ሸክላ ደግሞ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ተሰባሪ ነገር ሳይሰነጠቅ ሊሸከመው የሚችለውን ድንገተኛ የሙቀት ልዩነት ለማግኘት የመሳብ ጥንካሬውን፣ አንድ ሲቀነስ የፖይሰን ሬሾ በሚሆነው ቁጥር እናባዛና፣ የያንግ ሞጁለስና የመስፋፋት ኮኤፊሸንት ብዜት ለሆነው እናካፍላለን። ለተቃጠለ ሸክላ ለምሳሌ ያህል ጥንካሬውን 10 ሜጋ ፓስካል፣ የፖይሰን ሬሾውን 0.2፣ የያንግ ሞጁለሱን 10,000 ሜጋ ፓስካል፣ መስፋፋቱን በአንድ ዲግሪ 0.000005 ብንወስድ፣ 8 ለ 0.05 ተካፍሎ 160 ዲግሪ ይመጣል። የምድጃው ከንፈር 500 ዲግሪ፣ ቡናው 95 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ ከ400 ዲግሪ በላይ ነው። ሸክላው መሰንጠቁ ሊያስደንቀን አይገባም። ሲለኮስ ግን የማይሰነጠቀው ፍሙ ቀስ በቀስ ስለሚያሞቀው ነው፤ በተጨማሪም ሲሞቅ ላዩ የሚጫን እንጂ የሚሳብ አይደለም።

«ታዲያ ጠንካራ አድርጎ መሥራት ነዋ!» ይሉ ይሆናል አንባቢያን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለባበጠው። ሸክላውን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥለን ጥቅጥቅ ብናደርገው ጥንካሬው ይጨምራል፤ ዳሩ ግን ግትርነቱም፣ ማለት የያንግ ሞጁለሱ፣ አብሮ ይጨምራል፤ ከላይ ባየነው ስሌት አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ከዚህም የባሰ አለ። ሀሰልማን የተባሉት ተመራማሪ በ1969 እንዳሳዩት፣ በጣም ጠንካራ የሆነ ሴራሚክ ከመሰንጠቁ በፊት ብዙ የመለጠጥ ኃይል ያጠራቅማል። ስንጥቁ አንዴ ከተነሣ ያ የተጠራቀመ ኃይል ሁሉ ስንጥቁን እየገፋ ዕቃውን ከዳር እስከ ዳር ይበትነዋል። በውስጡ እልፍ ጥቃቅን ስንጥቆች ያሉት ደካማ ሸክላ ግን ኃይሉን ለብዙ ስለሚያከፋፍል እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥቂት ሄዶ ይቆማል።

ይህን የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ያውቁታል፤ የያንግ ሞጁለስ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ከቀጨኔ እስከ ጎንደሩ ወለቃ ድረስ ያሉ እናቶች ምጣድና ድስት ሲሠሩ በየመንደሩ እንደ ልማዳቸው የተሰበረ ገል ወቅጠው ወይም አሸዋ ከአፈሩ ጋር ይለውሳሉ። የገሉ ቅንጣቶች በየሥፍራው ትንንሽ ስንጥቆችን ስለሚያስገኙ የትልቁን ስንጥቅ መንገድ ይዘጋሉ። አሸዋው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ላይ በድንገት ስለሚስፋፋ ሸክላውን ሲያቃጥሉ ቸኩለው ቢያልፉት ይጎዳዋል። ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዙትን ሰዎች ኅብረተሰባችን በምጣዳቸው እየጋገረ ለብዙ ዘመን ሲንቃቸው መኖሩ የሚያሳፍር ነው።

ስለ ስንጥቅ በሒሳብ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ግሪፊዝ ነው። በ1921 ባሳተመው ጥናት፣ ብርጭቆ በስሌት ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እጅግ ያነሰው በውስጡና በላዩ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች የተነሣ መሆኑን አስረዳ። በእርሱ መንገድ ስንሄድ፣ የሚሰብረው ውጥረት ከስንጥቁ ርዝመት ስኩዌር ሩት ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ለምሳሌ አሉሚና ከተባለው ሴራሚክ 0.1 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ያለበት ቁራጭ በ225 ሜጋ ፓስካል ገደማ ቢሰበር፣ ስንጥቁ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በግማሹ ይሰበራል። ስንጥቅን የመቋቋም አቅም ራሱን የቻለ መለኪያ አለው፤ በዚያ መለኪያ የመስኮት መስተዋት ከ1 በታች፣ አሉሚና ከ3 እስከ 4፣ የሕንፃ ብረት ግን ከ50 በላይ ነው። ብረት በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይለጠጥና ጫፉን ያደነዝዘዋል፤ ሴራሚክ አይለጠጥም።

ስንጥቆቹ በየቁራጩ ስለሚለያዩ የሴራሚክ ጥንካሬ አንድ ቁጥር ሳይሆን የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ስዊድናዊው ዋይቡል በ1939 ያቀረበው ስሌት የሚለው፣ ዕቃው በተለቀ መጠን መጥፎ ስንጥቅ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በጠመኔ መሞከር ይቻላል፤ እኛ ከዕጩ መምህራን ጋር ደጋግመን ሠርተነዋል። ሃያ ጠመኔዎችን አንድ በአንድ በሁለት መጽሐፎች መካከል አጋድሙ፤ ከመካከሉ ጣሳ በክር አንጠልጥሉ፤ እስኪሰበር ድረስ አሸዋ ጨምሩ፤ ከዚያ ጣሳውን መዝኑ። ሃያው ከአንድ ፓኮ ቢወጣም ሃያ ልዩ ልዩ ክብደት ታገኛላችሁ። ደግሞም አንዱን ጠመኔ እንደ ፎጣ ጠምዝዛችሁ ስበሩት፤ ስብራቱ በ45 ዲግሪ ገደማ እንደ ብሎን ተጠማዝዞ ይወጣል፤ ይህም ተሰባሪ ነገር በመሳብ እንደሚሰበር ምስክር ነው። ተማሪዎች ይህን አንዴ ካዩ አይረሱትም።

እንግዲህ ስንጥቅን ማጥፋት ካልተቻለ፣ ስንጥቁ እንዳይሄድ ማድረግ ይቻል ይሆን? የጭቃ ቤት የመረገ ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ ጭቃው በጭድ ይቦካል። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ግን ስንጥቁን ከወዲህና ከወዲያ ይዞ ያስተሳስረዋል። ጭድን በሚቃጠል ሸክላ ውስጥ ብንጨምር ግን ገና እሳቱ ሳይበረታ ነዶ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ይሄዳል። ቀዳዳው ሙቀት እንዳያልፍ ይጠቅማል፤ ስንጥቅን ግን አያስርም። ስለዚህ እሳት የማይበላው ጭድ ያስፈልጋል።

ይህ የተገኘው በጃፓን ነው። የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ያጂማ በ1975 ከሲሊኮንና ከካርቦን ፖሊመር ክር ስበው፣ ክሩን በሙቀት ወደ ሲሊኮን ካርባይድ መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። እንዲህ ያለው ፋይበር ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ጨርቅ ተሸምኖ መካከሉ በዚያው በሲሊኮን ካርባይድ ሲሞላ በፋይበር የተጠናከረ ሴራሚክ ይሆናል። ሴራሚክን በሴራሚክ ማጠናከር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ፋይበሩ ከመሙያው ጋር ፈጽሞ ከተጣበቀ በእውነትም አይጠቅምም፤ ስንጥቁ ሁለቱንም እንደ አንድ አካል ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይበር ከአንድ ማይክሮ ሜትር ባነሰ ስስ የቦሮን ናይትራይድ ልባስ ይሸፈናል። ልባሱ ደካማ ነው፤ ደካማ እንዲሆንም ተፈልጎ ነው። ስንጥቁ ፋይበሩ ዘንድ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ከመቁረጥ ይልቅ በልባሱ በኩል ይታጠፋል፤ ፋይበሩም ሳይበጠስ ስንጥቁን ያስራል፤ ኃይሉ ቢበረታ እንኳ እንደ ጭድ ከጭቃው ውስጥ እየተጎተተ ይወጣል፤ በዚህም ፍትጊያ ብዙ ጉልበት ይባክናል። ዕቃው ሳይበተን ቀስ እያለ «ደከመኝ» ይላል።

በ2016 አገልግሎት በጀመረው ሊፕ በተባለው የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ፣ የተርባይኑን የመጀመሪያ ረድፍ ምላጮች ዙሪያ የሚከበው ክፍል ከዚህ ነገር የተሠራ ነው። ክብደቱ ከኒኬል ቅይጥ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን እስከ 1,300 ዲግሪ ገደማ ይሠራል፤ የኒኬል ቅይጦች በዚህ ሙቀት መቅለጥ ወደሚጀምሩበት ይቀርባሉ። ስለዚህ ለማቀዝቀዣ የሚባክነው አየር ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይቆጠባል። እንደ ጂኮው ሁሉ እዚህም የሴራሚኩ ጥቅም በነዳጅ ይለካል።

ይሁንና ጠንካራ መሆን ሌላ፣ ዘላቂ መሆን ሌላ ነው። በመሙያው ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ሲከፈቱ ኦክስጂን ይገባና ያንን ስስ ልባስ ይበላዋል፤ በቦታው ፋይበሩንና መሙያውን የሚያጣብቅ ብርጭቆ ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ዕቃው ተመልሶ ተሰባሪ ይሆናል። ሲሊኮን ካርባይድ በደረቅ አየር ሲግል በላዩ ሲሊካ ያበጃልና ራሱን ይከላከላል፤ ነገር ግን ነዳጅ ሲነድ የውሃ ተን ይወጣል፤ ተኑ ሲሊካውን ወደ ጋዝነት ለውጦ ያስወግደዋል፤ ላዩም እየተሸረሸረ ይሄዳል። መሐንዲሶቹ በዚህ ምክንያት እንደ ኢተርቢየም ሲሊኬት ያለ ሌላ ልባስ ከላይ ያለብሱታል። ከዚህም ሌላ በረዥም ጊዜ ሙቀትና ጭነት ፋይበሩ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ዕቃው አንድ ቀን የሚችለው ጭነት ዐሥር ሺህ ሰዓት የሚችለው አይደለም።

ሙቀት መቻል መመታትን መቻል አለመሆኑንም ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሯል። ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የክንፎቿ ግንባር በካርቦን ፋይበር ከተጠናከረ ካርቦን የተሠራ ነበር፤ ይህም ከ1,600 ዲግሪ በላይ የሚችል ነው። በጥር 2003 ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ ቀላል የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን ግንባር መትቶ ሸነቆረው። የካቲት 1 ስትመለስ ትኩስ ጋዝ በቀዳዳው ገብቶ ክንፉን አቀለጠው፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ።

ለጥያቄዋ ባለቤት የሰጠናት ተግባራዊ መልስ አጭር ነበር። አዲስ ጂኮ ሲገዛ መጀመሪያ በጥቂት ከሰል ቀስ ብሎ ይሟሟቅ፤ የጋለን ሸክላ በውሃ አታጥፉ፤ ጀበናው ሳይገነፍል ይውረድ። ደግሞ ሸክላው ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘበትን ለስላሳ ድብልቅ፣ ማለት ቨርሚኩላይት የተባለ ቀላል ማዕድን የተቀላቀለበትን ሲሚንቶ አሳየናት፤ ብረትና ሸክላ እኩል ስለማይስፋፉ በመካከላቸው የሚገፋፉበት ትራስ ነው። እርስዋም ስንጥቁን በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና «እንግዲያው ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ሸክላውን እንደ ጭዱ ይዘውታል ማለት ነው?» አለች። በደንብ አስተውላለች። ሸክላው ቢሰነጠቅም ቁራጮቹ ከዙሪያቸው ታስረዋልና አልወደቁም። እኛ ከጊጊሪ እስክንነሣ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ያ የተሰነጠቀ ጂኮ በየቀኑ ቡና ያፈላ ነበር፤ ስንጥቁም በእርሳስ ምልክት ካደረግንበት ቦታ አልፎ አልሄደም።