ሩሲያና ቻይና፤ ያልተቆረጠው ዋጋ

የሩሲያና የቻይና ወዳጅነት የት እንደደረሰ ከየጉባኤው መግለጫ ይልቅ የሚናገረው ገና ያልተቆረጠ የጋዝ ዋጋ ነው። የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮም በሴፕቴምበር 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሞንጎሊያ በኩል በዓመት 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ ለሚያሻግረው «የሳይቤሪያ ኃይል 2» ቧንቧ ከቻይና ጋር ሰነድ መፈረሙን ሲያስታውቅ፣ ዋጋው ወደፊት በድርድር እንደሚወሰን አብሮ ገለጸ።

ሁለቱን አገሮች ያቀራረበው፣ የዓለም ኃይል በአንድ አገር እጅ እንዳይጠቃለል የሚሻው «ባለ ብዙ ዋልታ ዓለም» የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። የወቅቱ መሪዎቻቸው ቦሪስ የልሲንና ጂያንግ ዜሚን በ1997 ሞስኮ ላይ በዚሁ ስም የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በ1969 በኡሱሪ ወንዝ ደሴት ላይ ደም የተፋሰሱት ጎረቤታሞች የሻንጋይ የትብብር ድርጅትን መሥርተው የወዳጅነት ውላቸውን የፈረሙት በ2001 ነው፤ የድንበር ጉዳያቸውን ሙሉ በሙሉ የዘጉት ግን በ2008 ነው።

ፑቲንና ሺ ጂንፒንግ ትብብራቸው «ወሰን የለውም» ያሉት በፌብሩዋሪ 2022፣ የዩክሬን ጦርነት ሊጀመር 20 ቀን ሲቀረው ነበር። ወሰኑ ግን አለ። አንዱ ሲጠቃ ሌላው እንዲዋጋለት የሚያስገድድ ውል የላቸውም፤ ክራይሚያ የሩሲያ ናት ብላም ቤጂንግ እውቅና አልሰጠችም። ንግዱ በአንጻሩ ገስግሷል። በ2023 240 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ አብዛኛው ክፍያም በዩዋንና በሩብል ሆነ። ቻይና ለሩሲያ ቀዳሚዋ የንግድ ሸሪክ ስትሆን፣ ሩሲያ ለቻይና የውጭ ንግዷ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ናት።

ይህ መበላለጥ ጎልቶ የሚታየው ጋዙ ላይ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ ገዢ ወዳለበት ይዞራል፤ የቧንቧ ጋዝ ግን ቧንቧው ካበቃበት አያልፍም። ክራይሚያ በተያዘች በሁለት ወሯ፣ በ2014፣ ውሉ የተፈረመው የመጀመሪያው «የሳይቤሪያ ኃይል» በ2019 መጨረሻ ሥራ ጀምሯል፤ በዓመት 38 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያስተላልፋል። የሚቀዳው ግን ከምሥራቅ ሳይቤሪያ ነው። አውሮፓን ሲያሞቁ የኖሩት የያማልና የምዕራብ ሳይቤሪያ መስኮች ከዚህ መስመር ጋር አይገናኙም። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ከሩሲያ የገዛው ጋዝ 150 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ስለነበር፣ አዲሱ ቧንቧ ቢዘረጋ እንኳ የሚተካው ሲሶውን ነው። ቤጂንግ በበኩሏ ከቱርክሜኒስታን በቧንቧ፣ ከኳታርና ከአውስትራሊያ በመርከብ ስለምታስገባ አትጣደፍም። የቸኮለ ሻጭ ደግሞ ዋጋ አይቆርጥም፤ ይቆረጥለታል።

ሁለቱ አገሮች ሌሎችን የሚያሰባስቡበት መድረክ ብሪክስ ነው። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ኢራንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በ2025 ደግሞ ኢንዶኔዢያ ገብተውበታል። ውሳኔ የሚያልፈው ሁሉም ሲስማማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ህንድ የሩሲያን ድፍድፍ በብዛት ትገዛለች፤ በ2020 በጋልዋን ሸለቆ ወታደሮቿ ከቻይና ጦር ጋር ተጋጭተው የሞቱባትም እርሷው ናት።