በግፊት የሚሰጥ የኦክስጅን ህክምና፤ ጥቅሙና ወሰኑ

ኦክስጅን ለሰው ልጅ ህይወት መሠረት ቢሆንም ከተለመደው በላይ በሆነ ግፊት ሲሰጥ እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠኑንና ጊዜውን መጠበቅ ይጠይቃል። ይህ ህክምና ሃይፐርባሪክ የኦክስጅን ህክምና በመባል ይታወቃል።

ታካሚው አየር በማያስገባ ልዩ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከመደበኛው የአየር ግፊት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚደርስ ግፊት ንጹህ ኦክስጅን ይተነፍሳል።

በተለመደው ሁኔታ ኦክስጅንን ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያደርሰው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነው። በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው በ100 ሚሊ ሊትር 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሦስት እጥፍ ግፊት ንጹህ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን መጠኑ ወደ 6 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል። ሆላንዳዊው የቀዶ ህክምና ሀኪም ኢቴ ቡሬማና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1960 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ከሞላ ጎደል የተወገዱ አሳማዎች በዚህ መንገድ በህይወት መቆየታቸውን አሳይተዋል።

ህክምናው ከጥልቅ ውሃ በፍጥነት በሚወጡ ጠላቂዎች ደም ውስጥ የሚፈጠረውን የጋዝ አረፋ ለማስወገድ ያገለግላል። ለአንዳንድ የማይድኑ የስኳር ህመምተኞች የእግር ቁስሎች፣ ለጋዝ ጋንግሪን እንዲሁም በጨረር ህክምና ለተጎዱ የሰውነት ክፍሎችም ከሌሎች ህክምናዎች ጋር ይሰጣል።

በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን በመያዝ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ እንዲቀንስ በተራ አየር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ሲፈጅ፣ በግፊት ክፍል ውስጥ ግን ከግማሽ ሰዓት በታች ይበቃዋል። ሆኖም በጭምብል የሚሰጥ መደበኛ ኦክስጅንም ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያሳጥረዋል። በመሆኑም የግፊት ክፍል በሌለበት ሥፍራ ሁሉ ተጎጂውን ወዲያውኑ ወደ ንጹህ አየር ማውጣትና ኦክስጅን ወዳለበት የጤና ተቋም ማድረስ ህይወት ያድናል።

በሌላ በኩል ህክምናው የጆሮና የሳንባ ጉዳት እንዲሁም የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ኦክስጅን እሳትን ስለሚያባብስም ትንሽ ብልጭታ ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። እ.ኤ.አ በጥር 2025 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት በአንድ የግል ማዕከል የግፊት ክፍል ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ የ5 ዓመት ሕፃን ህይወቱ አልፏል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ህክምናው ካንሰርንና ኦቲዝምን ለመሳሰሉት ችግሮች ፈዋሽነቱ እንዳልተረጋገጠ አስጠንቅቋል። ስለሆነም አገልግሎቱን የሚፈቅዱና የሚቆጣጠሩ አካላት ከመሣሪያው መኖር ባሻገር የባለሙያውን ብቃት፣ የእሳት መከላከያውን ዝግጅትና የሚታከመውን ህመም ዓይነት ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።