ግማሹ የብስ፣ ግማሹ ውሃ፦ ለባሕታዊ ሸርጣንና ለትንንሽ ዓሦች ቤት ስናቅድ

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሲመለስ ከማስታወሻ ዕቃ ሱቅ የተገዛች ትንሽ ሸርጣን ይዞ መጣ። እዚህ አሜሪካ በየባሕር ዳርቻው እንደ ካኔቴራ ይሸጣሉ። «ጋሼ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ቤት ሥራላት» አለኝ። ሠራሁ። ግማሹ አሸዋ፣ ግማሹ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ጥቂት ጋፒ ዓሦች። ለዓይን ያምር ነበር። ሸርጣኗ አሸዋው ውስጥ ገብታ ተቀበረች። ከሳምንታት በኋላ መጥፎ ሽታ ሲመጣ ቆፈርኩ፤ የአሸዋው ታች ጭቃ ሆኖ፣ እሷም ሞታ አገኘኋት። ዓሦቹ ደህና ነበሩ።

ስህተቱ የእኔ ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ የተማርኩት የውሃ ምህንድስና መሆኑ ነው። እንዲህ የብስና ውሃ አንድ ላይ የያዘ የመስታወት ቤት «ፓሉዳሪየም» ይባላል፤ ቃሉ ረግረግ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ችግሩም እዚያው ስሙ ውስጥ አለ፤ ሸርጣኗ የምትፈልገው ረግረግ አይደለም።

ባሕታዊ ያልሆነው ባሕታዊ

እንግሊዝኛው «ሄርሚት ክራብ» ይለዋል፤ ባሕታዊ ሸርጣን ማለት ነው። ለስላሳ ሆዱን በሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ደብቆ ስለሚኖር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ግን ሌላ ነገር ይላል። የየብስ ባሕታዊ ሸርጣኖች ወገን «ኮኤኖቢታ» ይባላል፤ ይህም በአንድነት ገዳም የሚኖር መነኩሴ ማለት ነው። እውነቱም ወደዚህኛው ያደላል፤ በዱር የሚኖሩት በቡድን ነው። ትልቅ ባዶ ቅርፊት ሲገኝ በመጠን ተሰልፈው፣ አንዱ የለቀቀውን ቀጣዩ እየወረሰ የሚለዋወጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ብቻውን ማኖር ደግ አይደለም፤ ተጨማሪ ባዶ ቅርፊቶችም ያስፈልጋሉ።

በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው የካሪቢያኑ ኮኤኖቢታ ክሊፒያተስ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻም ኮኤኖቢታ ስኬቮላ የሚባል ዘመድ አለው። የሚተነፍሱት በተለወጠ ስንጥብ ነው። ስንጥቡ ካልረጠበ አይሠራም፤ አየሩ ከደረቀ ይታፈናሉ። ውሃ ውስጥ ገብተው መውጫ ካጡ ደግሞ ይሰጥማሉ። እንግዲህ የምንሠራው ቤት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው።

አሸዋው እንደ ኩራዝ ክር

ሸርጣን ሲያድግ አሮጌውን ቆዳውን ይጥላል። ይህን የሚያደርገው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው፤ እንደ መጠኑ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል። አሸዋው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልልቆቹ ከዚያም በላይ መጥለቅ አለበት። ብዙ ሰው 5 እጅ አሸዋ ከ1 እጅ የኮኮናት ቃጫ ጋር ይቀላቅላል። እርጥበቱ ልጆች በአሸዋ ቤት ሲሠሩ እንደሚበቃቸው ያህል ነው፤ ሲጨብጡት ቅርጹን ይይዛል፣ ውሃ ግን አያንጠባጥብም።

እኔ አሸዋውንና ውሃውን የለየሁት በድንጋይ ክምር ነበር። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል አልፎ የአሸዋውን ታች ያዘ። ከዚያ በላይ ያለውን ሥራ የሠራው ካፒላሪ ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ የሚስበው በምንድን ነው? በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ቀዳዳዎችም ውሃን የሚስቡት በዚያው ጉልበት ነው። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ውሃው ከፍ ይላል። የ0.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ውስጥ ስሌቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የእኔ አሸዋ ጥልቀቱ 20 ነበር። እስከ ላይ ለመርጠብ ምንም አልቸገረውም ማለት ነው።

መፍትሔው የብሱን ክፍል ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ መዝጋት ነው። ግድግዳው መስታወት ይሁን፤ ሲሊኮን ከአክሪሊክ ፕላስቲክ ጋር በደንብ አይጣበቅም። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የሌለበት ይሁን። ደርቆ ሽታው ከጠፋ በኋላ በአንድ ወገን ብቻ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ ቀጥሎ ወገኑን ለውጡ። ያንጠባጠበ ግድግዳ ያለ ሸርጣን ቢታወቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ከከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ተውሻለሁ። ከአሸዋው በፊት በአንዱ ጥግ ቀጭን የፒቪሲ ቱቦ እስከ ታች ድረስ አቁሙ፤ የታችኛው ጫፍ ተበሳስቶ በመረብ ይሸፈን። ይህ የመመልከቻ ጉድጓድ ነው። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ስታዩ ውሃ ካለ በቀጭን ጎማ ትመጡታላችሁ። እኔ ይህ ቱቦ ቢኖረኝ ኖሮ ሽታ አልጠብቅም ነበር።

ክብደቱን አስቀድሞ ማስላት

ለምሳሌ 120 በ45 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። ግማሹ ወለል ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ 54 ሊትር፣ ማለትም 54 ኪሎ ነው። በሌላው ግማሽ ያው 54 ሊትር እርጥብ አሸዋ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። መስታወቱ ሳይቆጠር ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ሆነ፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ አይችለውም። በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ውሃው የሚያሳርፈው ግፊት ደግሞ 9 ኪሎ ያህል ነው። ውሃውን ለማጽዳት ስታወጡ ግፊቱ ዞሮ ከአሸዋው በኩል ይመጣልና ግድግዳው ሁለቱንም ይቻል።

ማሞቅ ብቻውን ያደርቃል

ሸርጣኖቹ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሙቀትና ከ75 በመቶ በላይ አንጻራዊ እርጥበት ይስማማቸዋል። በዚህ አገር የብርድ ወራት የቤት አየር 20 ዲግሪና 40 በመቶ ቢሆን፣ ይህንኑ አየር ወደ 27 ዲግሪ ስታሞቁት እርጥበቱ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ውሃው አልጠፋም፤ ሞቃት አየር ብዙ ተን የመያዝ አቅም ስላለው ነው አንጻሩ የሚቀንሰው።

ደግነቱ ጉድለቱ ትንሽ ነው። ከላይ ባየነው ገንዳ ያለውን አየር ወደ 80 በመቶ ለማድረስ የሚያስፈልገው 3 ግራም ገደማ ውሃ ብቻ ነው፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ውሃ መርጨት አይደለም፤ ክዳኑ በደንብ መግጠሙ ነው። የማሞቂያ ምንጣፉም ከአሸዋው በላይ በጀርባው መስታወት ላይ ይለጠፍ። ሸርጣን ሲሞቀው ወደ ታች ይቆፍራልና ከታች የሚያሞቅ ምንጣፍ መሸሻ ያሳጣዋል።

ሦስት ዓይነት ውሃ

የዓሦቹ ውሃ የሸርጣኖቹ መጠጫ አይሁን። ሸርጣኖቹ በየብሱ ላይ ሁለት ትንንሽ ገንዳዎች ይፈልጋሉ፤ አንዱ ጨው አልባ፣ ሌላው በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር አኳሪየም ጨው የተበጠበጠበት። የወጥ ጨው አይሆንም። ውሃው ሁሉ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ውሃ ሲተን ጨው ስለማይተን፣ ከጨው ገንዳው በትነት የጎደለውን የምትሞሉት በንጹሕ ውሃ ነው። በየገንዳው ሻካራ መወጣጫ ይኑር፤ በዓሦቹ በኩልም ከታች እስከ ግድግዳው ጫፍ የሚደርስ ወፍራም ቅርንጫፍ አቁሙ።

ዓሦቹ ከመግባታቸው በፊት ውሃው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማጣሪያው እየሠራ ይቆይ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ነው። ዓሣ ቢታመም ደግሞ መድኃኒቱን እዚያው አትጨምሩ። አንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ለሸርጣን መርዝ ነው። የታመመው ወጥቶ በሌላ ዕቃ ይታከም።

ከመግዛት በፊት

በገበያ የምናያቸው የየብስ ባሕታዊ ሸርጣኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዱር የተያዙ ናቸው። ጨቅላዎቻቸው የሚያድጉት በባሕር ውሃ ውስጥ ስለሆነ በቤት ማራባት እጅግ ከባድ ነው። በዱር ከ30 ዓመት በላይ መኖር ይችላሉ። ስለዚህ ቦታው፣ ጊዜው ወይም ክብደቱ የማያመች ከሆነ ሁለት የተለያዩ ገንዳዎች መሥራት ሽንፈት አይደለም፤ ለሁለቱም እንስሳት ይቀላል።

እኛ ሁለተኛውን ቤት ከሠራን በኋላ ከሱቅ አልገዛንም። ማሳደግ ካልቻለ ሰው ሦስት ሸርጣኖች ተረከብን። ትልቁ በሁለተኛው ወር ተቀበረ። የአክስቴ ልጅ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ባትሪ ይዞ ቱቦው ውስጥ ያያል። «ደረቅ ነው» ይለኛል። በሰባተኛው ሳምንት ሸርጣኑ ቆዳውን ቀይሮ ወጣ።