የመጨረሻውን ረድፍ ብቻ አትመኑ

አንድ ድርጅት የሠራተኞቹን መዝገብ በኤክሴል እንዳስተካክልለት ሰጥቶኝ ነበር። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ የሥራ መደብ፣ ቀን፣ ሁኔታ። የአንድ ሰው ሁኔታ ከ«ሙከራ» ወደ «ቋሚ» ወይም ወደ «ለቀቀ» በተለወጠ ቁጥር አዲስ ረድፍ ይጨመራል።

አለቆች የሚያዩት ግን የመጨረሻውን ረድፍ ብቻ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ክምችትና ፍሰት የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። መስከረም ላይ 40 ሠራተኛ፣ ሰኔ ላይም 40 ሠራተኛ ካለ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። በመሀል ግን 15 ሰው ወጥቶ 15 ሰው ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማየት ሠንጠረዡን መጀመሪያ በመለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ በቀን ደርድሩት። ስልካችሁ ላይ በጎግል ሺትስም ይሠራል። ከዚያ ባዶ ዓምድ ላይ ሁለት ነገር የሚጠይቅ ቀመር ጻፉ፦ መለያ ቁጥሩ ከበላዩ ካለው ረድፍ ጋር አንድ ነው ወይ? ሁኔታውስ ይለያል ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆኑ «ተለወጠ» ይበል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዘለላችሁ የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ይነጻጸርና ጉድ ይፈላል።

ትልቁ ራስ ምታት ግን አማርኛችን ነው። አንዱ ጸሐፊ «በሥራ ላይ» በንጉሡ ሠ፣ ሌላው «በስራ ላይ» በእሳቱ ሰ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሳ «ተለወጠ» ይባላል። ቀኑም ያስቸግራል። ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብላችሁ ከጻፋችሁ በአሜሪካ አቆጣጠር የተስተካከለ ኮምፒውተር ሜይ 13 ያደርገዋል። እኔ 20161305 ብዬ፣ ዓመት ወር ቀን አገጣጥሜ እንደ ቁጥር ነው የምጽፈው። በትክክል ይደረደራል።

ታዲያ ቀመሩ ሲሠራ አንዲት ሠራተኛ ዓይኔን ያዘችው። የመጨረሻ ረድፏ «ሙከራ» ይላል። ወደ ላይ ስሄድ ግን፦ ሙከራ፣ ለቀቀ፣ ሙከራ፣ ለቀቀ፣ ሙከራ። ያው የሥራ መደብ፣ በመሀል ጥቂት ቀናት ብቻ።

የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም ይላል። ያው አሠሪ ያንኑ ሠራተኛ ለዚያው ሥራ መልሶ ሲቀጥር ደግሞ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊወጣ ይችላል።

ለሰው ኃይል ኃላፊው በአንድ ገጽ አሳየኋቸው። «ፋይሉ ላይ ምንም ችግር የለም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ሲታይ ምንም አይልም።

እናንተም የቅጥርና የስንብት ደብዳቤዎቻችሁን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። በአንዱና በቀጣዩ መሀል ስንት ቀን እንዳለ፣ የሥራ መደቡም ያው መሆን አለመሆኑን እዩ።