የመኪና ማቆሚያው ድግስ

በአሜሪካ ፉትቦል ወራት በግሪን ቤይ፣ ዊስኮንሲን፣ ግጥሚያው የሚጀመረው ቀትር ላይ ቢሆንም ደጋፊው ጠዋት ይደርሳል። በላምቦ ፊልድ ስታዲየም ዙሪያ መኪናውን ያቆማል፣ የፒካፑን የኋላ በር ዘርግቶ ጠረጴዛ ያደርገዋል፣ ከሰሉን ያቀጣጥላል። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው ሁሉ ጭስና የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ይሆናል። አሜሪካውያን ይህን ድግስ ቴልጌት ይሉታል። ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ደጋፊዎች፣ እሑድ ደግሞ የፕሮፌሽናል ቡድኖች ደጋፊዎች ይደግሱታል። የስታዲየም ትኬት ሳይኖረው ለምግቡና ለጭውውቱ ብቻ የሚመጣም ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1869 በኒው ጀርዚ፣ በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል ነው፤ የቴልጌትን ልማድ እስከዚያ ድረስ የሚያደርሱት አሉ። የዛሬውን መልክ የሰጡት ግን መኪናና ተንቀሳቃሽ ምድጃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ አካባቢ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን፣ ለውኃ ላይ ምልክት የሚሠራውን ክብ ብረት ለሁለት ቆርጦ ክዳን ያለው የከሰል ምድጃ ሠራ። ክዳኑ ነፋሱንና ዝናቡን ስለሚከለክል፣ ከቤት ውጭ በብርድ መጥበስ የሚቻል ነገር ሆነ። ዌበር የተባለው ምድጃ ይኸው ነው።

ገበታው ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ የቴልጌት ውበትም እዚህ ላይ ነው። ጀርመናውያን ስደተኞች በብዛት በሰፈሩባት ዊስኮንሲን ንጉሡ ብራትቩርስት የተባለው ቋሊማ ነው፤ በቢራና በሽንኩርት ይቀቀልና በከሰል ይጠበሳል። ካንሳስ ሲቲ፣ በአሮውሄድ ስታዲየም ደጅ፣ የጎን አጥንትና የበሬ ፍርምባ በዝግታ በጭስ ይበስላሉ። ፍርምባ ለሰዓታት እሳት ላይ ስለሚቆይ፣ ባለሙያው ሥራውን ከዋዜማው ይጀምራል። በባተን ሩዥ፣ ሉዊዚያና፣ በትልቅ ድስት ሩዝ ከቋሊማና ከዶሮ ጋር ተቀላቅሎ ጃምባላያ ይሠራል። መለያ ስሙ አሊጌተር የሆነው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለግጥሚያ ሲመጣ ደግሞ የሉዊዚያና ደጋፊዎች የአሊጌተር ሥጋ ጠብሰው ይበላሉ፤ ተጋጣሚውን ከጨዋታው በፊት በሉት ማለት ነው! በኦክስፎርድ፣ ሚሲሲፒ፣ ግሮቭ በተባለው የዛፍ ጥላ ሥር ድንኳን ተተክሎ፣ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፎ፣ ባለ ብዙ መብራት ጌጥ ከላይ ተሰቅሎ የተጠበሰ ዶሮ ይቀርባል። በሲያትልና በኖክስቪል ደግሞ ደጋፊዎች በጀልባ መጥተው ውኃው ላይ ይደግሳሉ።

ይህ ሁሉ ልዩነት ቢኖርም ምግቡ የሚገዛለት አንድ ሕግ አለ። ተመጋቢው ቆሟል፤ በአንድ እጁ መጠጥ ይዟል፤ የእጅ መታጠቢያ በቅርብ የለም፤ ብዙ ጊዜም ይበርዳል። ስለዚህ በአንድ እጅ የማይበላ ነገር እዚያ አይሳካም። የተራማጅ ታኮ የሚባለው ብልሃት ለዚህ ችግር ይስማማል። የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ከጎኑ ይቀደዳል፣ በቅመም የተሠራ የተፈጨ ሥጋ፣ ቺዝና ሽንኩርት ይጨመርበታል፣ ከዚያም ከከረጢቱ በሹካ ይበላል። ሳህን የለም፣ የሚታጠብ ነገርም የለም።

የዶሮ ክንፍም የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በበፋሎ፣ ኒው ዮርክ፣ አንከር ባር በተባለ ቤት ቴሬሳ ቤሊሲሞ እንደጀመረችው ይነገርላታል። ስልቱ ቀላል ነው፤ ክንፉ በዘይት ይጠበስና በቅቤና በሚያቃጥል የበርበሬ ስጎ ይታሻል። ቅቤና በርበሬ ለኢትዮጵያዊ ምላስ እንግዳ አይደሉም። ክንፉን በከሰል ጠብሶ፣ አዋዜን በንጥር ቅቤ አቅጥኖ ማሸት ብቻ በቂ ነው። የበፋሎውን ጣዕም የሚወድ አሜሪካዊ ጎረቤት ይህን ሳይጠይቅ ይበላዋል፤ ሁለተኛውን ለማንሳት ነው የሚጠይቀው።

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለዚህ ገበታ የሚሆን ብዙ ነገር ከቤቱ ይዞ መውጣት ይችላል። ድርቆሽ የቺፕስን ቦታ በሚገባ ይይዛል። በወረቀት ኩባያ ድርቆሽ ጨምሮ፣ ሞቅ ያለ ምንቸት አብሽ አፍስሶ፣ ላዩ ላይ አይብ ቢበተን የተራማጅ ታኮ ወንድም ይሆናል። ቃተኛ በፎይል ተጠቅልሎ ምድጃው ዳር ቢቀመጥ በብርድ ቀን የሚያክለው የለም። ወፈር ያለ ሽሮ በትንሽ ድስት ከቀረበ በዳቦም በቺፕስም ይጠቀሳል። በአንጻሩ በሰፊ ትሪ ላይ የተዘረጋ እንጀራ በወጥ፣ ቆሞ ለሚበላ ሰው አይመችም። ክትፎም ቤት ይቅር፤ ጥሬ ሥጋ ለሰዓታት መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚውልበት ምክንያት የለም።

ጾሙም አይረሳ። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ሲሆን፣ የፉትቦሉ ወሳኝ ሳምንታት ከዚያ እስከ ገና ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። ለጿሚ ደጋፊ የምስር ሳምቡሳና ጎመን አሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን አዚፋ ነው። ምስሩ ተቀቅሎ በሰናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ ተለውሶ ቀዝቅዞ ስለሚበላ እሳት አይጠይቅም፤ በትንሽ ኩባያ ከዳቦ ጋር ይሄዳል። ሥጋ የማይበሉ አሜሪካውያንም ስላሉ ከገበታው ፈጥኖ የሚያልቀው እሱ ሊሆን ይችላል።

ከጨዋታው ዓይነት በስተቀር ልማዱ ራሱ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ መግቢያ አካባቢ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ላይ፣ ከስታዲየሙ ዙሪያ የጥብሱ፣ የሳምቡሳውና የቡናው ሽታ ከኳሱ እኩል ሰው ይጠራል። ከሌላ ግዛት በመኪና የመጡ ቤተ ዘመዶች እዚያ ቆመው እየበሉ ይገናኛሉ።

ለሚደግስ ሰው የመጨረሻው ጉዳይ ጥንቃቄ ነው። በምግብ ላይ ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከ1 ሰዓት። የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ መድረሱ በቴርሞሜትር ይረጋገጥ። የበረዶ ሣጥኑ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለጥሬ ሥጋ፣ ሌላው እጅ በየደቂቃው ለሚገባበት መጠጥ። በመኪና ማቆሚያቸው እሳት የማይፈቅዱ፣ የመግቢያ ሰዓትም የሚወስኑ ስታዲየሞች ስላሉ፣ ከሰሉን መኪና ላይ ከመጫንዎ በፊት የሚሄዱበትን ስታዲየም ደንብ ያንብቡ።